የሚሮጡት ፋኖሶች

በቅሎዋን በረዶው አንሸራተታትና ጋሪው ወደ ግራ አዘመመ። ቱ ዌን በሁለት እጁ መጽሐፍ ይዞ ስለነበር የሚደገፍበት ሌላ እጅ አልነበረውም። ግንባሩ ከጋሪው ምሰሶ ጋር ተላተመ፤ ቆቡ እግሩ ሥር ወደቀ። እሱ ግን ገጹን ገለጠ።

«መምህር! ደህና ነህ?» አለ ጋሪ ነጂው ከውጭ።

«ዝም በል፣ ገረዲቱ ልትመልስላት ነው!»

ጋሪ ነጂው ልጓሙን ያዝ አድርጎ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። ከቱ ዌን በቀር ገረድ ቀርቶ ድመት የለም። «ይሄ የመንግሥት ፈተና ስንቱን ሰው ጨረሰ» አለ ለበቅሎዋ፣ ጅራፉንም አጮኸ።

ቱ ዌን ፈተናውን ደጋግሞ መውደቁ እውነት ነው። ያን ቀን ያሳበደው ግን ፈተና አልነበረም። ጉልበቱ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልለው የነበሩት ቀጫጭን ጥራዞች ከተማው ሁሉ የሚያወራለት ልብ ወለድ ነበሩ። አልታተመም፤ በእጅ እየተገለበጠ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ። የተዋሰ ሰው በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመልሳል። ደራሲውን አውቃለሁ የማይል ባላባት በቤጂንግ አልነበረም፤ የሚያውቀው ደግሞ አንድም አልነበረም። ታሪኩ የአንድ ትልቅ ቤት ነው። ደጁ ላይ የድንጋይ አንበሶች፣ ውስጡ የአትክልት ቦታ፣ አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የገረድ መዓት። ይሄ ቤት ከገጽ ወደ ገጽ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ግን ድምፅ የለውም። ሰዎቹ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይኮራረፋሉ። ጣሪያው ዝቅ ዝቅ ሲል የሚያየው አንባቢው ብቻ ነው።

ቱ ዌን ማንበብ ሲጀምር ጥርሱ ገና አልተነቀለም ነበር። እስከዚያን ቀን ያነበባቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ጀግናውም፣ ቆንጆዋም፣ ሽፍታውም በአንድ አፍ ነበር የሚናገሩት፤ ሁሉም የፈተና መልስ የሚጽፉ ይመስል። እዚህ ግን የተናጋሪውን ስም በጣቱ ሸፍኖ ሞከረው፤ ማን እንደተናገረ አወቀ። ሌላውንም ሸፈነ፤ አወቀው። አንዲት ገረድ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ሁለት ቃል ጣል አድርጋ ትወጣለች፤ ማንን እንደምትጠላ፣ ከማን ተጣልታ እንዳደረች፣ ስታረጅ ምን ዓይነት አማት እንደሚወጣት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «እንዴት አድርጎ?» አለ ቱ ዌን። ሰውዬው ከወረቀቱ ጀርባ የተደበቀ ይመስል ገጹን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው። ወረቀት ነው። ተራ ወረቀት፣ ያውም ርካሹ።

ኅዳጉ ደግሞ የገበያ ግድግዳ ሆኗል። የተዋሰ ሁሉ በቀይ ቀለም አስተያየቱን ጽፎ መመለስ የጨዋ ደንብ ነው። «ይህ የመስፍን ዩንታይ ቤት ነው፤ እነዚያን ደረጃዎች በእግሬ ወጥቻቸዋለሁ» ይላል አንዱ። ከሥሩ በሌላ እጅ፦ «ተሳስተሃል ወዳጄ፤ ከበሩ እስከ ኩሽናው የሚኒስትር ሱ ቤት ነው።» ሌላው ዘመዶቹን ሳይቀር ጠርጥሯል። የራሱን ቤት የጠረጠረ አንድም የለም። ቱ ዌን ይሄን እያነበበ ሲስቅ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ጽሕፈቱን ያውቀዋል፤ የመስፍን ዩንታይ የራሱ እጅ ነው። የጻፈውም ይሄን ነበር፦ «ይህ የጎረቤቴ የፉሌንግ ቤት ነው። ምስኪን።»

ፉሌንግ ማለት የቱ ዌን ጌታ ነው።

ቱ ዌን በፉሌንግ ቤት ባለሟል ነበር። ባለሟል ማለት ጌታው ሲያስነጥስ ግጥም የሚገጥም፣ ሲሸነፍ የዳማውን ገበታ የሚወቅስ፣ ለዚህም በጓሮው ክፍል የሚያድርና ከቤቱ ሩዝ የሚበላ ሰው ነው። ሌላ ቤት፣ ሌላ ዘመድ በዋና ከተማው አልነበረውም። ከዚያ ደጅ ከወጣ የሚቀበለው በረዶው ብቻ ነው። የጌታውም ኑሮ ቢሆን ከሱ ብዙም የተሻለ አልነበረም። የፉሌንግ ቅድመ አያት በጦር ሜዳ ያገኙት ማዕረግ፣ እንደ ሕጉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ደረጃ ደረጃውን ይወርዳል። ፉሌንግ ዘንድ ሲደርስ ከቆቡ ጫፍ ካለችው የማዕረግ ምልክት ፍሬ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። የዚያች ፍሬ ክብር ግን መላውን ቤት ይበላ ነበር።

ዛሬ ታዲያ ቀኑ የተለየ ነው። በዶሮ ሰዓት፣ ማለትም ልክ ሲመሽ፣ የፉሌንግ የወንድም ልጅ ኒንግሹ ልትታጭ ነው። አባት እናት የላትም። ለአያቷ፣ ለእሜቴ፣ የተነገራቸው ሙሽራው በደቡብ ያለ የሹም ልጅ፣ ወጣት፣ ቅኔ አዋቂ እንደሆነ ነው። እውነቱ ሙሽራው ጨው ነጋዴ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ሁለት ሚስቶች አሉት፤ ኒንግሹ ሦስተኛ ሆና ትገባለች። በምትኩ ነጋዴው ዕዳውን ከፍሎ የፉሌንግን ቤት ያቆምለታል። ቤቱ ውስጥ ይሄን የማያውቁ ሁለት ፍጡሮች ነበሩ፤ አንዷ እሜቴ፣ ሌላው በቀቀናቸው። ነገር ግን በልማዱ መሠረት ከሙሽራው ቤት የሚመጣውን የአረንጓዴ ዕንቁ በትር በእጇ ተቀብላ በልጅቷ ጉልበት ላይ የምታኖረው የቤቱ ትልቅ ሴት ናት። እሷ ካልተቀበለች ቃል አልታሰረም። ከተቀበለች ደግሞ የሚፈታው የለም።

እሜቴም አንድ ነገር አስቸግረው ነበር። «ያንን የሚወራለትን መጽሐፍ ሳልሰማ ከመደቤ ወርጄ በትር አልቀበልም። ሌሎቹ አሮጊቶች ሁሉ ሰምተውት እኔ ብቻ እንደ ደንቆሮ ልቀመጥ?» ፉሌንግም መጽሐፉ ስለ ዩንታይ ቤት ውርደት ነው የሚል ወሬ ስለ ሰማ ደስ ብሎት ቱ ዌንን ላከው።

ጋሪው ቆመ። ቱ ዌን ግን አልወረደም። የፋኖስ በዓል የሚባለውን ምዕራፍ እያነበበ ነበር። ጋሪ ነጂው መጋረጃውን ሲገልጠው መምህሩ ጉንጩ ላይ እንባ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ውጭውን በረዶ ያያል፤ በረዶውን ግን አያየውም።

«ማን ሞተ?» አለ ጋሪ ነጂው።

«ገና አልሞተችም» አለ ቱ ዌን።

*

በፉሌንግ ግቢ ጩኸት ነበር። አዛዥ ቦ፣ የቤቱ አሮጌ አዛዥ፣ በሹክሹክታ እየጮኸ ነው፤ ያን ጥበብ ከሱ በቀር የሚችለው የለም።

«ማስቀመጫዎቹን! ቶሎ! እሜቴ ከመኝታ ቤታቸው ተነሥተዋል፣ ወደ ሞቃቱ አዳራሽ እየመጡ ነው!»

ሁለት አሽከሮች ሰማያዊዎቹን የአበባ ማስቀመጫዎች እንደ ሕፃን አቅፈው ከመኝታ ቤቱ በኋላ በር ወጥተው ሮጡ። ሦስተኛው ጭስ የሚተፋ ማንደጃ ተሸክሞ ተከተላቸው። ሌላው ምንጣፉን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጓል። አንዲት ገረድ በሩ ላይ ቆማ እንደ ታመመ ሰው ታስላለች፤ አንድ ሳል «መጡ» ነው፣ ሁለት ሳል «ቆመዋል፣ በርቱ» ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው የከበረ ዕቃ አንድ ክፍል ብቻ ይሞላል፤ ስለዚህ ክፍሉ ከእሜቴ ፊት ፊት ይሮጣል። እሳቸው የሚገቡበት ሁሉ ሞቃት ነው፣ የወጡበት ሁሉ ወዲያው ይበርዳል።

«መምህር ቱ፣ አትቁምብኝ እንጂ!» አለ አዛዥ ቦ። «ወይ ተሸከም ወይ ሽሽ!»

ቱ ዌን ግን እንደ ሐውልት ቆሞ ሩጫውን ያያል። በየቀኑ አይቶት ያውቃል፤ ደግሞም ስቆበታል። ዛሬ ግን ያን ምዕራፍ ገና ማንበቡ ነበርና አልሳቀም። መጽሐፉን ወደ ደረቱ አጥብቆ ያዘው።

ፉሌንግ በደረጃው ላይ አገኘው፤ የፈገግታው ስፋት እስከ ጆሮው ነው። «አመጣኸው? ዩንታይን ጥሩ አድርጎ ገርፎታል አሉ!»

«ጌታዬ…» ቱ ዌን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፋኖሱን ምዕራፍ ብንዘለውስ?»

«ያሳዝናል?»

«ያሳዝናል ማለት እንኳን…»

«ካሳዘነ አስደስተው! ቅኔ አዋቂ አይደለህ? ሰው ከወደቀ አንሣው፣ ከሞተ አድነው። እናቴ አልቅሳ በቀይ ዓይን በትር እንድትቀበል አልፈልግም፤ ገድ አይደለም።» ጠጋ ብሎ የቱ ዌንን የልብስ ቁልፍ አስተካከለለት። «ክረምቱ ዘንድሮ ክፉ ነው አይደል፣ መምህር? የጓሮዋ ክፍልህ ትሞቃለች?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ትሞቃለች።» አትሞቅም ነበር። ቢሆንም ጣሪያ አላት።

*

እሜቴ ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባቸው ከሳቸው በላይ ይከብዳል፤ የእጅ ማሞቂያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከተቀረጸው የእንጨት መከለያ ጀርባ ኒንግሹና ገረዶች ተቀምጠዋል፤ የልብሳቸው ኮሽታ ብቻ ይሰማል። ከወንዶቹ በኩል ፉሌንግ፣ አጠገቡም አንድ ወፍራም ጡረተኛ የጦር አለቃ አለ፤ የመጣው ለመጽሐፉ ይሁን ለተጠበሰው ለውዝ አይታወቅም፤ አፉ ግን ሥራ አልፈታም።

ቱ ዌን አንድ ጉልበቱን አጥፎ እጅ ነሣ፣ ተቀመጠ፣ ማንበብ ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ሳቅ ብቻ ነበር። የመጽሐፉ ጌታ ከአበዳሪ ተደብቆ አልጋ ሥር ሲገባ፣ አበዳሪውም ገብቶ ስለ ዕዳው ሊወስድ ያችኑ አልጋ ሲመርጣት የጦር አለቃው ለውዝ ትን አለው። «ዩንታይ! በአማልክት፣ ዩንታይ ራሱ!» ፉሌንግ ጭኑን ይጠበጥባል። «ወፍራም ነው አላለም? ዩንታይ ወፍራም ነው!»

«አላለም» አሉ እሜቴ። «ቀጥል፣ ልጄ።»

ቀጠለ። የሳቁም ዓይነት ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከመከለያው ጀርባ ገረዶቹ የመጽሐፏን ገረድ ሲሰሙ «እሷን! ልክ እኮ የኛዋ ላሜይ!» ሲባባሉ፣ ላሜይም «እኔ መቼ እንዲህ ክፉ ሆኜ አውቃለሁ?» ስትልና በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ክፋት መሆኑን ስታውቅ ዝም ስትል ተሰማ። አሽከሮች ማንደጃ ሊቆሰቁሱ ገብተው አልወጡም። አዛዥ ቦ ራሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ቱ ዌን እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ ቤት ሰምቶ አያውቅም። ሰዎቹ የሚሰሙት ታሪክ አይመስልም፤ ጎረቤታቸው ያለ ቤት ግድግዳው ፈርሶ በድንገት ገበናው የታያቸው ይመስላል።

የፋኖሱ ምዕራፍ መጣ።

ቱ ዌን ፉሌንግን አየ። ፉሌንግ ቅንድቡን አነሣ። «አስደስተው» ማለቱ ነው።

የመጽሐፉ አያት በበዓሉ ዕለት የአትክልት ቦታው ፋኖሶች ሁሉ እንዲበሩ አዘዘች ይላል። ዘይት ግን የለም። አሽከሮቹ ካሉት ፋኖሶች ጥቂቱን አብርተው ከአያቲቱ የሸክም ወንበር ፊት ፊት ሊሮጡ ተማከሩ፤ በምታይበት ሰቅለው፣ ስታልፍ አውርደው፣ በኩሬው ዳር ዞረው እንደገና ሊቀድሟት። እዚህ ድረስ ቱ ዌን አነበበ። አዛዥ ቦ ከበሩ ላይ ቀና አለ።

አሁን መለወጥ አለበት። ነጋዴ ዘይት ይዞ ይምጣ፤ ፋኖሱ ሁሉ ይብራ፤ ሰው ሁሉ ይደሰት። ቃላቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ያማሩ ቃላት። አፉን ከፈተ። ነገር ግን ዓይኑ ገጹ ላይ ነበር፤ ከገጹም የምታየው ዓረፍተ ነገር አጭርና እርቃኗን የቆመች ነበረች። የሱን የተሸለሙ ቃላት ከሷ አጠገብ ማስቀመጥ ጌጠኛ ልብስ ለብሶ ቀብር እንደ መግባት ሆነበት። እንዲህ ያለውን ነገር የጻፈ ሰው ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳያሞግሰው ጽፎታል። እኔ ደግሞ ለሩዝ ብዬ ልሰርዘው? ብሎ አሰበ። ምላሱ ጌታውን ከዳ። ያለውን፣ እንዳለ፣ አነበበው።

«አያቲቱ ፋኖስ ካልደረሰበት ጨለማ ላይ ወንበሯን አስቆመች። አሽከሮቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሷም ቀና ብላ ‹ከዋክብቱ ዛሬ እንዴት ያምራሉ› አለች። ሁሉም ‹ያምራሉ!› አሉ። ያን ጊዜ ከኩሬው በኩል አንድ ነገር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማ። በበረዶው ዳር ፋኖስ ይዛ ትሮጥ የነበረችው ትንሿ ገረድ ናት። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አንዱ ቢሮጥ ሌላው ሊታወቅ ነውና። አያቲቱ ጥቂት አዳመጠች። ‹በዚህ ብርድ ዓሣ ይዘላል እንዴ?› አለች። ሁሉም ሳቁ። ወንበሩም ተነሣ።»

ቱ ዌን ማንበቡን አቆመ። ማንደጃው ውስጥ አንድ ከሰል ጠሽ አለ።

የጦር አለቃው ብቻ «ዩንታይ…» ብሎ ጀመረና የሚቀጥለው ጠፋው። ፉሌንግ ተነሥቶ ጥራዙን ከቱ ዌን እጅ መነተፈ። «እስኪ ኅዳጉን ልየው! የማን ቤት እንደሆነ በቀይ ጽፈውት የለ!» አየ። ገለጠ። እንደገና አየ። የጎረቤቱን ጽሕፈት እሱም ያውቃታል። ጆሮው እንደ ቀለሙ ቀላ፤ ጥራዙንም ትኩስ ድስት የያዘ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ድገመው» አሉ እሜቴ።

«እማማ፣ መምህር ቱ ደክሞታል…»

«አንተን አላልኩም። ልጄ፣ ከከዋክብቱ ጀምረህ ድገመው።»

ቱ ዌን ጥራዙን አንሥቶ ደገመው። እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርስ ገለጡት።

«ዓሣ አልነበረም» አሉ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ እማማ። የሥራ ፈት ጽሑፍ።»

«ፉሌንግ፣ እዚያ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ አለው፤ አንተ ሕፃን ሳለህ በኳስ የመታኸው ነው። ዛሬ ጠዋት መኝታ ቤቴ ነበር። ትናንት የአያቶች ጸሎት ቤት ውስጥ አየሁት። እግር ያለው ሸክላ ነው የገዛችሁልኝ?»

ከመከለያው ጀርባ አንዲት ገረድ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው አፏን አፈነች። እሜቴ አልተቆጡም።

«አውቅ ነበር። ያቺም የምታስለው ገረድ ሳንባዋ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። ለኔ ብለው ሲሮጡ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዋክብቱ ያምራሉ እያልኩ እቀመጥ ነበር።» የእጅ ማሞቂያውን ወደ ጎን አኖሩት። «ያን ያህሉ ያሮጊት ኩራት ነው፤ ይሁን። እስከ ከዋክብቱ ድረስ ያለችው አያት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አላውቀውም። ይሄን የጻፈ ሰው ከኔ ቀድሞ አወቀው? በየት ገብቶ አየኝ?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ፍርሃት ግን አልነበረም። ሰው ከፍ ያለ ተራራ ጫፍ ወጥቶ የራሱን ቤት ጣሪያ ሲያይ እንደሚሆነው ዓይነት ነበር። «አንተ መምህር። በኔ ቤት ውኃ ውስጥ የወደቀችው ማናት?»

ያን ጊዜ ከበር ጠባቂው ጥሪ መጣ። «አገናኟ ወይዘሮ ፓን ደርሰዋል! በትሩን ይዘዋል!»

«ይግቡ!» አለ ፉሌንግ እንደ ዳነ ሰው። «ሰዓቱ ደርሷል! መጽሐፉን አንሡ! መምህር ቱ፣ ሂድና ክፍልህን አሙቅ።» የመጨረሻዋን ቃል ሲል አፉ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አላለም።

ቱ ዌን ጥራዞቹን ሰበሰበ። ጓሮው ውስጥ ያለችው ክፍል፣ አልጋው፣ የሩዝ ጎድጓዳ ሳህኑ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ቆሙ። አሽከሮቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። አንዱ ቢሮጥ ሌላው ሊታወቅ ነው።

«እመቤት ኒንግሹ ናቸው፣ እሜቴ» አለ።

«ቱ ዌን!» ብሎ ጮኸ ፉሌንግ።

«ሙሽራው የሹም ልጅ አይደለም። ጨው ነጋዴ ነው። ጢሙ ከሩዝ ይነጣል። ሁለት ሚስቶች አሉት።» ከዚህ በኋላ የሚጨምረው አላገኘም፤ ስለዚህ እንደ ልማዱ አሳመረው፤ «ቅኔም አያውቅም።»

እሜቴ ወደ መከለያው ዞሩ። «ኒንግሹ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አያቴ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እርስዎን አትረብሹ ስላሉን ነው።»

*

ወይዘሮ ፓን ቀይ ሐር የለበሰ ሣጥን ይዛ ገባች። ጉንጯ ላይ የተቀባችው ዱቄት በብርዱ ተሰነጣጥቋል፤ አፏ ግን ማር ነው። «እንኳን ደስ ያለዎ፣ እሜቴ! ምን ዓይነት ቀን ነው! በረዶው እንኳ ለሙሽራ የተነጠፈ ይመስላል…»

«ነጭ የቀብር ቀለም ነው» አሉ እሜቴ። «ተቀመጪ፣ ወይዘሮ ፓን። ሙሽራው ዕድሜው ስንት ነው አልሽኝ?»

«በ… በአፍላ ጉልምስናው ላይ ነው።»

«ጉልምስናው ሲጀምር የት ነበርሽ፣ ተወልደሽ ነበር?»

ወይዘሮ ፓን ፉሌንግን አየች። ፉሌንግ ጣሪያውን አየ። በሥራዋ ብዙ ቤት ገብታ ነበርና አልደነገጠችም፤ ሣጥኑን ከፈተች፣ አረንጓዴውን በትር በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘረጋች። በልማዱ የተዘረጋ በትር አለመቀበል ማለት በሁለት ቤቶች መሃል ጥፊ ማሳረፍ ነው። እሜቴ እጃቸውን ወደ ካባቸው እጅጌ ውስጥ አስገቡ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ።

«እጄን በርዶኛል» አሉ።

«በርዶዎት?» አለች ወይዘሮ ፓን፣ ማሩ ከአፏ ትንሽ ኮመጠጠ። «በዚህ ቤት ከሰል አልቆ ይሆናላ። አላለቀም የሚሉም አሉ እንጂ።»

ፉሌንግ ዘሎ ሊነሣ ሲል እሜቴ ቀደሙት። «ልክ ነሽ። አልቋል። ከሰሉም፣ ዘይቱም፣ ሌላውም አልቋል። ድሆች ነን።»

ድሆች የምትለዋን ቃል ያን ያህል ጮክ ብለው አላሏትም። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ በማንም አፍ ተነግራ አታውቅምና፣ አዛዥ ቦ የሰው ስም የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ሸፈነ። የሚያለቅስ መሰለ፤ ቀረብ ያለው አሽከር ግን «ኧረ ይሄ ሰው ከሩጫው እፎይ እያለ ነው» አለ ጎኑ ላለው።

«እማማ፣ ስማችን!» አለ ፉሌንግ። «ዩንታይ ምን ይላል?»

«ዩንታይ ያለውን በቀይ ቀለም አንብበሃል አይደል? ፊትህ ላይ አየሁት።» ወደ ወይዘሮ ፓን ዞሩ። «በትሩን ለባለቤቱ መልሺ። የልጅ ልጄን ውኃ ውስጥ አልጥልም። ጥፊ ነው ካለ ጥፊ ነው፤ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ስሜ ይጠራ። ነገ ፀሐይ ሲወጣ ያለንን በግልጽ እንሸጣለን፤ ከማስቀመጫዎቹ እንጀምራለን። ይረፉ፣ ደክሟቸዋል።»

ወይዘሮ ፓን በትሩን ወደ ሣጥኑ መለሰች። ስትወጣ ግን ቀጥ ብላ አልወጣችም፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ጥራዞች ሄዶ ነበር። «ያ ነው እንዴ… የሚወራለት?» አለች በሹክሹክታ ለበር ጠባቂው።

ፉሌንግ ቱ ዌንን በጣቱ አመለከተ። እናቱን መቆጣት አይችልም፤ አንድ ሰው ግን መቆጣት አለበት። «አንተ ውጣ! ከቤቴ ውጣ! ሩዜን በልተህ…»

«ልጁ ይውጣ» አሉ እሜቴ፣ ደክሟቸው መደቡ ላይ ጋደም እያሉ። «የቤቱ ጌታ አንተ ነህ፣ ያን ልከለክልህ አልችልም። መጽሐፉ ግን እስከ ነገ የኔ ነው። ማንበብ የሚችል አለ?»

የጦር አለቃው ዓይኑን ወደ ለውዙ መለሰ። የመከለያው አንድ ጠርዝ ታጠፈና ኒንግሹ ብቅ አለች። ወንዶች ባሉበት አዳራሽ እንዲህ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነው። ቱ ዌን እጅ ነሥቶ ጥራዙን አስረከባት። «ከኩሬው በኋላ ያለውን አላነበብኩም» አላት፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

*

ዕቃውን ለመጠቅለል ጊዜ አልወሰደበትም፤ ዕቃ ስላልነበረው። ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ አደባባዩን አቋረጠ። በረዶው እየከበደ ይወርዳል። ከበሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከአዳራሹ መስኮት ድምፅ ተሰማ፤ ንጹሕ፣ የማይቸኩል፣ ሁሉም አውቃታለሁ የሚላት፣ ግን ማንም ያልሰማት ልጅ ድምፅ። እግሩ ቆመ። ሂድ አለው፤ አልሄደም። የት እንደሚያድር አያውቅም፤ የሚያሳስበው ግን ያ አልነበረም። ትንሿ ገረድ ከኩሬው ወጥታ እንደሆነ ሳያውቅ ከተማ ውስጥ መንከራተት አልቻለም።

በመስኮቱ ሥር ብቻውን አልነበረም። የወይዘሮ ፓን ወንበር ተሸካሚዎች ወንበሩን በረዶ ላይ አኑረው ጆሯቸውን ወደ ወረቀቱ መስኮት አቅንተዋል። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታለች። ወይዘሮ ፓን ራሷ በዘይት ወረቀት ጃንጥላ ሥር ቆማለች፤ ሣጥኑን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች፤ በጥፊ የተመለሰ መልእክተኛ በፍጥነት መሄድ እንዳለበት ረስታለች።

«ወጣች እንዴ?» አለችው ቱ ዌንን ሳታየው።

«አላውቅም።»

«አንተ አይደለህ ያነበብከው?»

«እዚያ ድረስ ብቻ ነው።»

«እግዜር ይይልህ፣ ቆርጠህ መጣህ!» አለችና ጆሮዋን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከውስጥ ኒንግሹ ታነባለች። ትንሿ ገረድ የበረዶውን ጠርዝ በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው ፋኖሱን ከውኃው በላይ ከፍ አድርጋለች፤ ጌቶቹ እንዳይቆጡ። የወጥ ቤቷ ጭልፋ ወረደ። አንዱ ተሸካሚ «ልቀቂው፣ ፋኖሱን ልቀቂው» ሲል አጉረመረመ፤ ልጅቷ የምትሰማው ይመስል።

ቱ ዌን ቆቡ ላይ በረዶ እየተከመረ ነበር። ወይዘሮ ፓን ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣ ምንም ሳትናገር፣ ጃንጥላዋን ግማሹን ወደሱ አዘነበለችለት።